እትዬ ዝማምና ትንሿ ቤታቸው

እትዬ ዝማም መሞታቸውን የነገረኝ አስናቀ ነው። ድሮ ሰቆጣ ላይ በአንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን ወዳጄ ነው፤ አሁን ጎንደር ይኖራል። ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና ሳርም ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ዝማም አረፉ» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልሁ። እሱም «ነፍስ ይማር» አለ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ወዲያው ግን፣ «ይኼን ጊዜ እዚያም ግቢው ፈርሷል ብለው መላእክቱን ድንጋይ ማሸከም ጀምረዋል» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም መሳቅ ጀመረ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ገላመጠችኝ።

«ማን ሞቶ ነው እንዲህ የምትስቀው?»

«ሰቆጣ ያከራዩኝ ሴትዮ።»

«ክፉ ሰው ነበሩ ማለት ነው?»

«እሱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም» አልኋት። እውነቴን ነው።

ሰቆጣ የሄድሁት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከጎጃም የተመደብሁ አዲስ መምህር ሆኜ ነው። ያን ጊዜ ዋግ ኽምራ ዞን ሆኖ ከየአገሩ የመንግሥት ሠራተኛ ይጎርፍ ነበር። የግብርናው፣ የጤናው፣ የፍርድ ቤቱ ሰው መግቢያና መውጫችን በነበረው በኮረም መንገድ መጥቶ፣ አቧራ ለብሶ ከመኪና ይወርዳል፤ ሻንጣውን መሬት ሳያሳርፍም ዝውውር በስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ይጠይቃል። የምንጠላውን ከተማ ግን ቤት ስጪን እያልን እንለምናት ነበር፤ ከተማዋ ትንሽ፣ እኛ ብዙ ነበርና። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ ከትኋን ጋር አልጋ ተጋርቼ ሰነበትሁ። ሰውነቴ በሙሉ እብጠት በእብጠት ሲሆን ያየኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዘነልኝ።

«ወይዘሮ ዝማም ዘንድ ክፍል አለ» አለኝ። «ግን ሰው ይመርጣሉ።»

ስደርስ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር አንገቱን ደፍቶ ከግቢያቸው ሲወጣ አገኘሁት። እትዬ ዝማም በሩ ላይ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። ሰው ሲያዩ ከፊቱ አይጀምሩም፤ መጀመሪያ የሚያዩት እጅ ነው። እጄን ግራና ቀኝ አዩና ደስ ሳይላቸው ቀረ።

«ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ጂኦግራፊ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስለ መሬት፣ ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ . . .»

«መሬት ትለካለህ?»

ትኋኑ ትዝ አለኝ። «እለካለሁ» አልሁ።

ወደ መንገዱ አገጫቸውን አነሱ። «ያ ልጅ እንግሊዝኛ ነው አለኝ። እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል? ግንብ በእንግሊዝኛ አይካብም። ግባ በል።»

እንዲህ ሆኜ ገባሁ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ ተከራዮችም ሲያወጉኝ ምርጫው ገባኝ። አስናቀ የውሃ ቢሮ ቴክኒሺያን ነው፤ ቧንቧ ያውቃል። ፍሬሕይወት ከደሴ የመጣች የዞን ቢሮ ታይፒስት ናት፤ ማመልከቻ ትጽፋለች። እኔ ደግሞ መሬት እለካለሁ። ሌላው ቤት አከራይ የሚጠይቀው ተከራዩ ጠጪ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። እትዬ ዝማም ግን የሚጠይቁት ግቢው የጎደለውን ነበር።

ግቢውም ያልጎደለው አልነበረም። ባላቸው በጦርነቱ ዘመን ወጥተው እንደቀሩ ቀርተዋል። የተዉላቸው ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ በየክፍሉ ከፋፍለው ለእኛ ያከራዩናል፣ እሳቸው ማድ ቤቱ ጥግ ያድራሉ። አጥሩ በየቦታው ተንዷል። ሽንት ቤቱ ወደ አንድ ወገን ስላዘመመ ሰው ሲገባ ውጭ ያለው ይጸልይለታል። ከቤቱ ጀርባ በለስና ድንጋይ የወረሰው ተዳፋት መሬት አለ። የእትዬ ዝማም ዓይን እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ቤት ሊሠሩበት።

«ትንሽ ናት» ይላሉ፣ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ጠጋ አድርገው። «አንድ ክፍል፣ ከጎኗ ለእሳት የምትሆን ጎጆ ቢጤ። ግን ቤት ከመሠራቱ በፊት ግቢው ይስተካከል።»

የእኛ መከራ የጀመረው ከዚህች «በፊት» ነው። ለድንጋዩ መግቢያ መንገዱ ይጠረግ፤ መንገዱ እንዳይናድ ግንቡ ይካብ፤ ጭቃ ለማቡካት ውሃው ይምጣ፤ ያዘመመው ሽንት ቤት ፈርሶ በአዲስ ይሠራ። ከሥራ ስንመለስ፣ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ፣ «ይቺን ብቻ» ይሉናል። «ይቺን ብቻ» ማለት አንድ ድንጋይ አይደለም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ማለት ነው። በአዘቦቱ ቀን አንተና አንቺ ይሉናል። አንቱ ያሉን ቀን ግን ወገባችንን እናስራለን። «መምህሬ፣ እርስዎ ጉልበት አለዎት» ካሉኝ ሁለት ሰው የሚያነሳው ቋጥኝ መጥቷል ማለት ነው።

ልክ የሚለኩት በክንዳቸው ነበር። ክንዳቸው እንደ ሁኔታው ይረዝማል፣ ያጥራል። ከፃግብጂ እንጨት ጭነው ከሚመጡ ገበሬዎች ሲገዙ አጣናው ሁሉ አጭር ነው፤ እኔ የካብሁትን ሲለኩ ደግሞ ሁልጊዜ ገና ይቀራል። ከገበሬዎቹ ጋር የሚነጋገሩት በኽምጣኛ ነው። አንድ ቀን ወደ እኔ እያዩ የሆነ ነገር አሏቸው፤ ሰዎቹ አህዮቻቸውን ትተው ሳቁ።

«ምን አሏቸው?» አልኋቸው።

«ጎበዝ ነው አልኋቸው።»

ጎበዝ ተብሎ እንዲያ እንደማይሳቅ ለማወቅ ኽምጣኛ መማር አያስፈልግም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የፕላን ቀን ነው። እትዬ ዝማም በቆርቆሮ ጣሳ አመድ ይዘው ከጀርባ ወደ መሬቱ ይወጣሉ፣ እኛም እንከተላለን። ሲባጎ ወጥረን፣ እሳቸው በአመድ መስመር እያሰመሩ ትንሿን ቤት መሬት ላይ ይሥሏታል። ግድግዳው ይኼ፣ መስኮቱ ያ፣ አልጋው እዚህ ጋ። ከተሣለች በኋላ ቤት ናት፤ ቀልድ የለም። አስናቀ አንድ ቀን ሳያስብ የአመዱን መስመር ተራምዶ ቢገባ ጮኹበት።

«በግድግዳ ትገባለህ እንዴ? በር የለም?»

አስናቀ ተመልሶ ወጣና በበሩ ገባ። ሲገባም ጎንበስ አለ፤ ጉበኑ ዝቅ ያለ መስሎት ይሁን ፈርቶ አላውቅም። በማግስቱ ዶሮዎቹ ጭረው ጭረው ቤቷን ያፈርሷታል። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ትሣላለች፤ ግን መቼም ያችው አትሆንም። መስኮቱ ቦታ ይቀይራል፤ አልጋው ይዞራል። አንድ እሑድ ደግሞ ከኋላ፣ በላይኛው መንገድ በኩል፣ ሁለተኛ በር ወጣላት።

«ለአንዲት ክፍል ሁለት በር ምን ያደርጋል?» አለች ፍሬ።

«ነፋስ ይገባል።»

«ነፋስማ በመስኮት ይገባል እትዬ።»

«እሱ የደሴ ነፋስ ነው» አሏት። አበቃ።

ይኼን ሁሉ ለምን ቻልን? ሞኝ ስለሆንን ብቻ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ግንብ ስክብ እትዬ ዝማም ጠላ በጣሳ ይዘውልኝ መጡና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህሬ፣ ይቺ ቤት ስታልቅ የምትገባባት አንተ ነህ። ብቻህን፣ ራሷን የቻለች ቤት። ለእነዚያ እንዳትነግር፤ ቅር ይላቸዋል።»

እነዚያ የተባሉት አስናቀና ፍሬ ናቸው። አዘንሁላቸው። ከግድግዳ ማዶ አስናቀ ሲያንኮራፋ መስማት ሰልችቶኝ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴ ቤት እንደሚሠራ ሰው ነበር የምሠራው። አስናቀም ያለ ማንም ጉትጎታ ቧንቧ ሲቀጣጥል ሳየው፣ «ደግ ልጅ ነው፤ ምስኪን» እል ነበር በልቤ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት አቶ ካሴ የመጡ ቀን ነው። አቶ ካሴ የእትዬ ዝማም ባል ወንድም ናቸው። የኋላውን መሬት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይፈልጉታል፤ «የወንድሜ ነው» ይላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በየግቢው ያለ ክፍት ቦታ ካልተሠራበት ተቆርሶ ለጠየቀ ይሰጣል የሚል ነገር አውጆ ነበር። አቶ ካሴ ጠየቁ። ስለዚህም አንድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ባለሙያ አስከትለው፣ ቦታው ክፍት መሆኑን ሊያሳዩ መጡ።

እትዬ ዝማም ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ማልደው አመዱን አስምረው ጠብቀዋል። ከእኛም ማንም ወደ ሥራ እንዳይሄድ ተከልክሏል። እንግዶቹ ሲደርሱ እሳቸው በአመዱ ቤት መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ባለሙያው መስመሩን ሊራመድ እግሩን ሲያነሳ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ ያ ግድግዳ ነው። በበሩ ይግቡ።»

ሰውዬው እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ አቶ ካሴ ዞሮ አየ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ዞሮ በበሩ ገባ። አቶ ካሴ ግን ግድግዳውን ጥሰው ገቡ።

«ዝማም፣ አመድ ላይ ተቀምጠሽ የመንግሥት ሰው ታሞኛለሽ?»

«ካሴ፣ የሰው ቤት በግድግዳ ነው የገባኸው። ውጣና ግባ።»

ባለሙያው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እትዬ ዝማም ተነሱና እኛን እንደ ሰርገኛ ደርድረው አስተዋወቁን። «ይኼ የመሬት መሐንዲሴ ነው። ይኼ የውሃ መሐንዲሴ። ይቺ ጸሐፊያችን ናት፤ ሁሉም ነገር በእጇ ነው።» ፍሬ በዋዜማው ቢሮ ውስጥ በድብቅ የመታችውን የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ አቀረበች። እኔ የተማሪ ማስመሪያ ይዤ እንድቆም ታዝዤ ስለነበር ማስመሪያዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይኼ እኮ የልጄ አስተማሪ ነው!» አሉ አቶ ካሴ። «ካርታ ነው የሚያስተምረው!»

«ታዲያ ካርታ የማያውቅ መሐንዲስ አለ?» አሉ እትዬ ዝማም ወደ ባለሙያው ዞረው።

«የለም» አለ ባለሙያው።

የግንቡን ሥራ ዞሮ አየ፤ ቧንቧውን ከፈተና ዘጋ። ከዚያ ከክረምት በፊት ግድግዳው ቆሞ ጣራ ካልለበሰ ቦታው እንደሚወሰድ አስጠንቅቆ ሄደ። አቶ ካሴም ሲወጡ፣ «ክረምት ሩቅ አይደለም» ብለው ዛቱ። እትዬ ዝማም በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እንዝርቱን ያዙ፤ ግን አልፈተሉም። እንደዚያ ሲሆኑ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ባሌን የት እንደወደቀ አላውቅም» አሉ፣ ለማንኛችንም ሳይሆን ለእንዝርቱ። «መሬቱን ግን አውቀዋለሁ።» ወዲያው ቀና አሉ። «ምን ትገተራላችሁ? መሠረቱን አትቆፍሩም?»

ቆፈርን። ግንበኛ ተቀጠረ፤ እኛ ረዳት ሆንን። ድንጋይ አቀበልን፣ ጭቃ ረገጥን። ትምህርት ቤት ስገባ ተማሪዎቼ ሱሪዬን እያዩ ይሳሳቃሉ። ግድግዳው ከወገብ በላይ እንዳለፈ፣ ገና ማገሩ ሳይወጣ፣ ሰማዩ በቀን ጠቆረ። የክረምቱ ወራት አልገባም ነበር፤ ዝናቡ ግን አልጠየቀንም። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ከረጠበ ግድግዳው ሆዱን አውጥቶ ይናዳል። ሦስታችንም ከየሥራችን ስንሮጥ ደረስን። ስንደርስ ግድግዳው ለብሷል። ያለበሰው ደግሞ የእኔ ብርድ ልብስ፣ የአስናቀ ፍራሽ፣ የፍሬ አንሶላና እናቷ ፈትላ ያሠራችላት ጋቢ ነው። እትዬ ዝማም የየክፍላችንን በር ከፍተው አልጋችንን ገፈዋል። እሳቸው በአንድ ቀሚስ ዝናብ ላይ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው የፍራሹን ጫፍ ይዘዋል።

«ጋቢዬ!» ብላ ጮኸች ፍሬ።

«ጋቢሽ ይታጠባል! ያዢ ያንን ጫፍ!» አሏት።

ያዘች። ሁላችንም ያዝን። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ፣ እንደ ቀብር አስፈጻሚ ግድግዳውን ከበን ቆምን። ግድግዳው አልተናደም። ጋቢው ግን ተመልሶ ጋቢ አልሆነም። በኋላ ፍሬ ስታለቅስ እትዬ ዝማም የራሳቸውን አዲስ ጋቢ ከሣጥን አውጥተው አልጋዋ ላይ ጣሉላት። የእኔን ብርድ ልብስ በተመለከተ ግን እስከ ዛሬ ምንም አልተባለም።

ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ተመታ። አቶ ካሴ በአጥሩ በኩል አለፉ፣ ቀና ብለው አዩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ፍሬ ውስጡን በኖራ ቀባችው። ቤቷ በእውነት ታምር ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ ገብቶ አልጋው ሊቀመጥ የታሰበበት ጥግ ድረስ ይደርሳል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፎቼን በካርቶን አድርጌ ወደ ኋላ ወጣሁ። በሩ ላይ አስናቀን አገኘሁት። ፍራሹን በራሱ ተሸክሟል።

«ወዴት ነው?» አለኝ ከፍራሹ ሥር።

«አንተስ ወዴት ነህ?»

«እኔማ ወደ ቤቴ።»

መልስ ሳልሰጠው በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ፍሬ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ከጀርባዋ ሻንጣዋና ድስቷ ተደርድረዋል። እሷ ከማለዳው ገብታለች። ሦስታችንም ተያየን። ጥቂት ጊዜ ማንም ማመን አልፈለገም።

«ለእነዚያ እንዳትነግሪ ብለውኝ ነበር» አለች ፍሬ ቀስ ብላ። «እነዚያ እናንተ ናችሁ።»

ዓይናችን ደም ለብሶ ወደ እትዬ ዝማም ወረድን። ማድ ቤት ደጃፍ የሽሮ ክክ እያበጠሩ ነበር። አስናቀ ፍራሹን መሬት ላይ ወረወረው።

«ለሦስታችንም ቃል ገብተዋል!» አላቸው።

«ገብቻለሁ» አሉ።

«አንዲት ቤት ለሦስት ሰው!»

«ሦስታችሁም ሠራችሁ አይደል?» አሉ፣ ማበጠራቸውን ሳያቋርጡ። ያኔ ነው የመኪና ድምፅ የተሰማው። ነጭ መኪና ነው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለቢሮ የሚሆን ግቢ ሲፈልግ የከረመ ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰው ወረደ፣ እትዬ ዝማምን በአክብሮት እጅ ነሣቸው፤ ከዚያ በፊት የተዋወቁ ይመስላሉ። ግቢውን ዞሮ አየ። «ውሃው እስከ ውስጥ ገብቷል፣ ግሩም ነው። ሽንት ቤቱም አዲስ ነው። ግንቡን ማን ነው የካበው?»

«የመሬት መሐንዲስ ነው ያሠራሁት» አሉ እትዬ ዝማም፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ሰውዬው ጨበጠኝ። ካርቶኔን እንዳቀፍሁ ጨበጥሁት።

ትልቁ ቤት ከነግቢው ለድርጅቱ በኪራይ ተሰጠ። እትዬ ዝማም ወደ ትንሿ ቤት ገቡ፤ በኋለኛው በሯ በላይኛው መንገድ በኩል ወጥተው ይገባሉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። እኛ ወሩ ሲያልቅ ውጡ ተባልን። በገዛ እጃችን ግቢውን ለእኛ እስከማይመጥን ድረስ አሳምረነው ነበር። ፍሬ፣ «እናንተስ ድንጋይ ነው የተሸከማችሁት፤ እኔ በገዛ ማመልከቻዬ ነው የተባረርሁት» አለች። አስናቀ ለአንድ ሳምንት እከሳለሁ እያለ ፎከረ። ማመልከቻውን የምትጽፍለት ግን ፍሬ ነበረች፤ እሷም «ሁለተኛ ማመልከቻ አልጽፍም» ብላ ማለች።

ሜዳ ላይ አልጣሉንም፤ ይኼን መካድ አይገባም። ራሳቸው ዞረው ወዳጃቸው ወይዘሮ አበቡ ዘንድ ክፍል አገኙልን። ዕቃችንን ጭነን ስንደርስ ወይዘሮ አበቡ በር ላይ ቆመው እጃችንን ያያሉ። ከኋላቸው አጥራቸው ከዳር እስከ ዳር ወድቋል።

«መምህሩ ማነው?» አሉ። «ግንብ የሚያውቀው?»

ያን ዓመት አልፌ ሌላም ዓመት ቆይቼ ዝውውሬ ወጣ። ስሄድ አልተሰናበትኋቸውም፤ ቂሜ ገና ትኩስ ነበር። ሰቆጣን እንደገና ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ብሔራዊ ፈተና ለማስፈተን ተልኬ ነው። ከተማዋ ሰፍታለች። እግሬ በላይኛው መንገድ ይዞኝ ሄደ፤ ትንሿን በር አንኳኳሁ።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ፊቴን ሳይሆን፣ እንደ ልማዳቸው፣ እጄን ያዙ። ዳበሱት።

«ለስልሷል» አሉ። «መምህሬ ነህ?»

ጠላ አስቀዱልኝ። ቤቷ ያው ናት፤ ኖራው ቢጫ ቢሆንም ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠላው ሲገባ ቂሜም አፉን ከፈተ።

«እትዬ፣ ለምን ዋሹን?»

ስድብ እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄው ቀላል እንደሆነ ሁሉ መለሱ።

«እውነቱን ብነግራችሁ አንዲት ድንጋይ ታነሱልኝ ነበር? ዓይናችሁ ኮረም መንገድ ላይ ነበር። እኔ በዚህ በር ስንቱን አየሁ። መምህሩ ይመጣል፣ ሐኪሙ ይመጣል፣ ዳኛው ይመጣል። ተቀጣሁ፣ ተቀጣሁ እያለ ይከርምና መኪናው ሲመጣ ይሄዳል። አንተ ሰቆጣ ኖረህ ምን ሠራህ ቢሉህ ምን ትላለህ?»

«አስተማርሁ።»

«ማንን?»

የጎበዝ ተማሪዎቼን ስም ጠራሁላቸው። አንዱ ሐኪም ሆኗል፤ አንዱ ባንክ ቤት ኃላፊ ነው፤ አንዷ ነርስ ሆናለች። እየጠራሁ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«የት ናቸው?»

«አዲስ አበባ። ባሕር ዳር። አንዱ መቀሌ።»

«እነሱንም ልከሃቸዋላ» አሉ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ያልሄደች ይቺ ናት።»

እኔም ባለሁበት እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ። ከዚያ ጠላዬን ጨርሼ ተነሳሁ። እስከ በሩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሸኙኝ። ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ፤ ሊስሙኝ መስሎኝ ነበር።

«በል ሂድ» አሉኝ። «የኮረም መኪና እንዳያመልጥህ።»